ባሕር ማዶ የተላኩ አምስት ልጃገረዶች፤ ከጃፓን የሴቶች ትምህርት ታሪክ አንድ ምዕራፍ (ከ1871 እስከ 1929)

ስለ ሴቶች ትምህርት በተነገረ ቁጥር ሁለት ምክሮች ይደጋገማሉ። አንደኛው፥ ሴት ልጅ የሌላውን ሕዝብ ኑሮና አስተሳሰብ በዓይኗ እንድታይ ወደ ውጭ አገር ትላክ የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ትምህርቷ በደብተርና በቃል ጥናት ብቻ ሳይወሰን፥ መነሻና መድረሻ ያለውን አንድ ሥራ ራሷ አቅዳ ራሷ እየፈጸመች ትማር የሚል ነው። ሁለቱም ምክሮች መልካም ስለ መሆናቸው ብዙ ክርክር የለም። ነገር ግን የታሪክ ተማሪ ምክርን እንደ ሰማው ከመቀበል ይልቅ፥ ነገሩ የት ተሞከረ? ማን ተጠቀመበት? ምንስ ጎደለው? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ለዚህ ጥያቄ እኛ የመረጥነው የጃፓንን ምሳሌ ነው። ምክንያቱም ጃፓን ለአገራችን የተማሩ ሰዎች ሩቅ ሆና አታውቅም። የ1931 ሕገ መንግሥታችን ሲረቀቅ የጃፓን የ1889 ሕገ መንግሥት እንደ አብነት ታይቷል፤ በዚያው በ1931 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ለመልእክት ወደ ጃፓን ሄደው ሲመለሱ ‹‹ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን›› የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። ይሁን እንጂ ስለ ጃፓን መሠልጠን በምንነጋገርበት ጊዜ አሳባችን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጦር መርከቡና ወደ ፋብሪካው ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ ግን የምንመለከተው፥ መንግሥታቸው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የላካቸውን አምስት ልጃገረዶች ነው። ልናሳይ የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መላካቸው ብቻውን ኃይል እንዳልሰጣቸው፥ ኃይል የሆናቸው ከተመለሱ በኋላ በሁለቱ አገሮች ወዳጆች እርዳታ በገዛ እጃቸው የጀመሩት ሥራ መሆኑን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አላላካቸው

በ1868 የሾጉኖች አገዛዝ ወድቆ የንጉሠ ነገሥት ሜይጂ መንግሥት በተቋቋመ ጊዜ፥ አዲሶቹ ሹማምንት የምዕራባውያንን ጥበብ ለመቅሰም ቸኩለው ነበር። በታኅሣሥ 1871 በኢዋኩራ ቶሞሚ የሚመራ ታላቅ የመልእክተኞች ጓድ አሜሪካንና አውሮፓን ሊጎበኝ ከዮኮሃማ ወደብ በመርከብ ተነሣ። ከሚኒስትሮቹና ከጸሐፊዎቹ ጋር ብዙ ወንዶች ተማሪዎች ተሳፍረዋል። ከእነርሱ መካከል ግን አምስት ሴቶች ልጆች መኖራቸው በወደቡ ለነበረው ሕዝብ እንግዳ ነገር ነበር።

አሳቡን ያመነጨው የሆካይዶ ማልሚያ መሥሪያ ቤት ሹም የነበረው ኩሮዳ ኪዮታካ ነው። ኩሮዳ በዚያው ዓመት አሜሪካን ጎብኝቶ የአገሩ ሴቶች ተምረው ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ ስላየ፥ ሰሜናዊውን ደሴት ለማልማት የሚወጡ ብርቱ ሰዎች የሚያድጉት በተማሩ እናቶች እጅ ነው ብሎ አመነ። ስለዚህ መንግሥት ሙሉ ወጪያቸውን ችሎ ለዐሥር ዓመት የሚያስተምራቸውን ሴቶች ልጆች ፈለገ። በመጀመሪያው ጥሪ አንድም ቤተሰብ አልቀረበም። በሁለተኛው ጥሪ አምስት ልጆች ተገኙ፤ የአምስቱም ቤተሰቦች በ1868ቱ ጦርነት ከተሸነፈው ወገን ነበሩ። በአዲሱ መንግሥት ዘንድ መወደድን ያጣ ቤት፥ ሌላው የማይደፍረውን መንገድ መሞከሩ የሚያስደንቅ አይደለም።

ልጆቹ ዮሺማሱ ርዮኮ፥ ኡኤዳ ቴይኮ፥ ያማካዋ ሱቴማጹ፥ ናጋይ ሺጌኮና ጹዳ ኡሜኮ ይባላሉ። ሱቴማጹ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ኡሜኮ ደግሞ ሰባተኛ ዓመቷን የሞላችው በመርከብ ላይ ነው። የሱቴማጹ የቀድሞ ስም ሳኪኮ ነበር። እናቷ ግን ልጇን ልትሸኝ ባለች ጊዜ ስሟን ለወጠችው፤ አዲሱ ስም በጆሮ ሲሰማ መጣልንና መጠበቅን በአንድነት የሚያሳስብ ነው። ጣልሁሽ፥ ግን እጠብቅሻለሁ እንደ ማለት ነው። የአንዲት እናት ስንብት በአንዲት ቃል እንዲህ ሲጠቃለል ከብዙ የመንግሥት ደብዳቤ ይልቅ ይናገራል።

ከመሄዳቸው በፊት እቴጌይቱ ልጆቹን በቤተ መንግሥት ተቀብለው፥ ሲመለሱ ለአገሩ ሴቶች አርአያ እንዲሆኑ የሚያዝ ጽሑፍ ሰጧቸው። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። በአደራው ውስጥ አርአያ ሁኑ የሚል ትእዛዝ አለ፤ በምን ሥራ፥ በየትኛው ቦታ፥ ከማን ጋር የሚል ግን የለም።

የአሜሪካ ዓመታት

ሁለቱ ታላላቆች ርዮኮና ቴይኮ በጤና ምክንያት በ1872 ተመለሱ። ሦስቱ ታናናሾች ግን በአሜሪካውያን ቤተሰቦች ዘንድ እንደ ልጅ አደጉ። ኡሜኮ ዋሽንግተን አጠገብ ጆርጅታውን በቻርልስ ላንማን ቤት፥ ሱቴማጹ በኒው ሄቨን በሊኦናርድ ቤከን ቤት፥ ሺጌኮም ከእርሷ ብዙ ሳትርቅ በአቦት ቤተሰብ ዘንድ ተቀመጡ። ሱቴማጹና ሺጌኮ በ1878 ቫሳር ኮሌጅ ገቡ። ሺጌኮ በ1881 የሙዚቃ ትምህርቷን ጨረሰች፤ ሱቴማጹም በ1882 ዲግሪ ተቀብላ የኮሌጅ ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጃፓናዊት ሆነች።

ሦስቱ ልጆች በእነዚህ ዓመታት ያገኙት የቋንቋ ዕውቀት ብቻ አልነበረም። የሱቴማጹ የቤት እኅት እንደ ሆነች የምትቈጠረው አሊስ ቤከን፥ የኡሜኮ አሳዳጊ እናት ወይዘሮ ላንማን፥ የቫሳር ጓደኞቻቸው ሁሉ በኋላ የሥራቸው ተካፋዮች ሆነዋል። የባህል ልውውጥ የሚባለው ነገር በስብሰባና በንግግር ሳይሆን፥ በአንድ ማዕድ ቀርቦ ዐሥር ዓመት በመኖር እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

መመለስና ባዶ እጅ

ኡሜኮና ሱቴማጹ በኅዳር 1882 ጃፓን በደረሱ ጊዜ፥ የላካቸው የሆካይዶ ማልሚያ መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት መጀመሪያ ፈርሶ ነበር። ከእነርሱ ጋር በአንድ መርከብ ሄደው ከተመለሱት ወንዶች ብዙዎቹ በሚኒስቴሩ፥ በትምህርት ቤቱና በጦሩ ቦታ አግኝተዋል። ለሴቶቹ ግን ማንም ምንም አላዘጋጀም።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። ኡሜኮ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋን ረስታ ከእናቷ ጋር ያለ አስተርጓሚ መነጋገር አቃታት። ሱቴማጹ በሴቶች መምህራን ማሠልጠኛ የማስተማር ዕድል ሲቀርብላት፥ የጃፓንን ጽሕፈት አንብባ መጻፍ ስላልቻለች መቀበል አልሆነላትም። ከሦስቱ ፈጥና ሥራ ያገኘችው ሺጌኮ ነበረች፤ እርሷም በመንግሥቱ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ አስተማረች። ይህ በእኛ አስተያየት ተራ ነገር አይደለም። ሺጌኮ በእጇ የምትሠራውን፥ ሌላው ዐይቶ ወዲያው የሚማረውን ሙያ ይዛ ስለ ተመለሰች የቋንቋው ግንብ አላገዳትም።

ሱቴማጹ በ1883 የጦር ሚኒስትሩን ኦያማ ኢዋዎን አገባች። ነገሩ አነጋጋሪ ነበር፤ ምክንያቱም በ1868 የአይዙ ምሽግ ሲከበብ እርሷ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና በውስጥ ስትኖር፥ ኦያማ ከከበቡት የጦር መኰንኖች አንዱ ነበር። ብዙዎች ወዳጆቿ ጋብቻው የመማሯ ፍጻሜ ነው ብለው ሳይገምቱ አልቀሩም። የተከተለው ሥራ ግን ይህን ግምት አፈረሰው።

የመጀመሪያው ሥራ፤ የ1884ቱ ባዛር

ሱቴማጹ በቶኪዮ የሚገኝ አንድ የበጎ አድራጎት ሐኪም ቤት በጐበኘች ጊዜ በሽተኞቹን የሚያስታምሙ ሴቶች አለመኖራቸውን አየች። ሴቶች በሙያው ሠልጥነው ቢያስታምሙ ይሻላል ብትል፥ ለማሠልጠኛው ገንዘብ የለም የሚል መልስ አገኘች። ከዚህ በኋላ በአሜሪካ ያየችውን ዘዴ አሰበች። የመኳንንቱን ሚስቶችና ልጆች ሰብስባ በየቤታቸው የእጅ ሥራ እንዲሠሩ አደረገች፤ ቀጥሎም በሰኔ 1884 ሮኩሜይካን በተባለው የመንግሥት እንግዳ መቀበያ አዳራሽ ሦስት ቀን የቆየ ባዛር ተከፈተ።

የዛሬ አንባቢ ባዛርን እንደ ቀላል ነገር ያየው ይሆናል። በዚያን ጊዜ ጃፓን ግን መሸጥና መለወጥ ለነጋዴ እንጂ ለጦረኛ ቤተሰብ እንደ ነውር የሚቈጠር ነበር። አገልጋዮቻቸው ገንዘብ የሚይዙላቸው ወይዛዝርት ከጠረጴዛ ኋላ ቆመው ዋጋ ሲናገሩና ሒሳብ ሲመልሱ መታየታቸው ከተማውን አስደነቀ። የተገኘውም ገንዘብ ከታሰበው እጅግ የበለጠ ሆነ፤ በ1885 ሐኪም ቤቱ በጃፓን የመጀመሪያ የሆነውን የነርሶች ማሠልጠኛ ከፈተ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ዛሬ በሥራ መማር የምንለው ነገር በሙሉ አለ። የታወቀ ችግር ነበረ፤ ዕቅድ ወጣ፤ የሥራ ክፍፍል ተደረገ፤ ሒሳብ ተያዘ፤ በመጨረሻም በዓይን የሚታይ ውጤት ተገኘ። ሴቶቹ ስለ ሴቶች ችሎታ ንግግር አላደረጉም፤ ችሎታቸውን በሥራ ተማሩት እንጂ።

ሁለተኛው ሥራ፤ የእንቁራሪት እንቁላልና የነፃ ትምህርት ገንዘብ

ኡሜኮ በኢቶ ሂሮቡሚ ቤት ልጆችን እያስተማረች ጥቂት ከቆየች በኋላ፥ በ1885 ለመኳንንት ሴቶች ልጆች በተቋቋመው ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ሆነች። ቦታው የተከበረ ነበር፤ ትምህርቱ ግን በአብዛኛው ደኅና ሚስትና ብልህ እናት ማድረግን ይመለከት ስለ ነበረ አሳቧን አላረካም። በ1889 ፈቃድ አግኝታ ወደ አሜሪካ ተመለሰችና በፊላደልፊያ አቅራቢያ ባለው ብሪን ማር ኮሌጅ ሥነ ሕይወት ማጥናት ጀመረች።

በዚያም ከቶማስ ሃንት ሞርጋን ጋር ስለ እንቁራሪት እንቁላል አቀማመጥ ምርምር አደረገች፤ ጥናቱ በ1894 በእንግሊዝ አገር በሚታተም የሳይንስ መጽሔት በሁለቱ ስም ወጣ። ሞርጋን በ1933 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሊቅ ነው። ከዚህም ሌላ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በኦስዊጎ መምህራን ማሠልጠኛ የማስተማር ዘዴን ተማረች። ኦስዊጎ ተማሪው ስለ ነገሩ ከመስማት ይልቅ ነገሩን ራሱን ይዞ፥ መርምሮና አነጻጽሮ እንዲማር በማድረግ የታወቀ ትምህርት ቤት ነበር።

በአሜሪካ ቀርታ ምርምሯን እንድትቀጥል ኮሌጁ ቢጠይቃትም ኡሜኮ በ1892 ወደ አገሯ ተመለሰች። ከመመለሷ በፊት ግን አንድ ሥራ ጀምራ ነበር። የፊላደልፊያ ነዋሪ ከሆነችው ሜሪ ሞሪስና ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና 8,000 ዶላር ለመሰብሰብ ተነሣች፤ ዓላማውም በዚህ ገንዘብ ወለድ ጃፓናውያት ሴቶች በየተራ አሜሪካ ሄደው እንዲማሩ ነው። ገንዘቡን ለማግኘት በየቤቱና በየማኅበሩ እየዞረች ስለ አገሯ ሴቶች ንግግር አደረገች። በ1893 የመጀመሪያዋ ተማሪ ማጹዳ ሚቺ ሄደች፤ ከእርሷ በኋላ ከሄዱትም ካዋይ ሚቺና ሆሺኖ አይ ይገኙበታል።

የዚህ ገንዘብ አሠራር ከ1871ዱ አላላክ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። በ1871 የተላኩት አገራቸውንና ቋንቋቸውን ገና ያላወቁ ሕፃናት ሲሆኑ፥ አሁን የሚሄዱት በአገራቸው ተምረው ምን እንደሚፈልጉ የሚያውቁ ሴቶች ናቸው። ያኔ የላከው መሥሪያ ቤት ፈርሶ ጠፋ፤ አሁን ግን የሚልኳቸው፥ ራሳቸው ሄደው የመጡና የተመላሽን ችግር የሚያውቁ ሴቶች ሆኑ።

ሦስተኛው ሥራ፤ የ1900 ትምህርት ቤት

በ1872 የወጣው የጃፓን የትምህርት ደንብ ወንድ ሴት ሳይል ሁሉም እንዲማር ያዝዝ ነበር። ሆኖም በ1873 ትምህርት ቤት የገቡት ከመቶ ወንዶች ልጆች 40፥ ከመቶ ሴቶች ልጆች ደግሞ 15 ያህል ብቻ ነበሩ። ቍጥሩ ቀስ በቀስ አደገ፤ በ1899 በየአውራጃው ቢያንስ አንድ የሴቶች ከፍተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ሕግ በወጣ ጊዜ ደግሞ፥ ማን ያስተምር? የሚለው ጥያቄ ተነሣ።

ኡሜኮ ይህን ጊዜ ጠብቃ የተከበረ ሥራዋን ለቀቀችና በመስከረም 1900 በቶኪዮ በተከራየችው ቤት ጆሺ ኤይጋኩ ጁኩ የተባለውን የሴቶች የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ከፈተች። ተማሪዎቹ 10 ነበሩ። ኦያማ ሱቴማጹ በአማካሪነት፥ ኡርዩ ሺጌኮ በድጋፍ፥ አሊስ ቤከንም ከአሜሪካ መጥታ ያለ ደመወዝ በማስተማር ከጎኗ ቆሙ። ኡሜኮ በመክፈቻው ቀን ባደረገችው ንግግር፥ ከሕንፃና ከመጽሐፍ ብዛት ይልቅ የመምህሩ ብቃትና የተማሪው ትጋት እንደሚበልጥ፥ የሰው አሳብም እንደ ፊቱ የተለያየ ስለ ሆነ ክፍሎቹ ትንንሽ መሆን እንዳለባቸው አስረድታለች።

የትምህርቱ ግብ ለየት ያለ ነበር። የሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ዋና ዓላማ ለቤት የሚሆን ትምህርት መስጠት ሲሆን፥ እርሷ ተማሪዎቹን ያዘጋጀችው ወንዶች ለሚፈተኑት የመንግሥት የእንግሊዝኛ መምህርነት ፈቃድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ተማሪ ከፊቷ የተቈረጠ ግብ ነበራት፤ ግቡም እንጀራ የሚያስገኝ ነበር። በ1905 መንግሥት የትምህርት ቤቱ ምሩቃን ያለ ተጨማሪ ፈተና ፈቃዱን እንዲያገኙ ወሰነ። በዚህም አንዲት ሴት ከአባቷና ከባሏ እጅ ሳትጠብቅ የምትኖርበት ሙያ ተከፈተላት።

በ1923 ቶኪዮን ያወደመው የምድር መናወጥ የትምህርት ቤቱን ቤቶች አጠፋ፤ የቆዩት አሜሪካውያን ወዳጆች ግን ለመሥሪያው ገንዘብ አሰባሰቡ። ኡሜኮ በ1929 ስታርፍ በቦታዋ የተተካችው የነፃ ትምህርቱ ፍሬ የሆነችው ሆሺኖ አይ ናት። በዚያው ዓመት ካዋይ ሚቺ ኬይሴን የተባለውን የሴቶች ትምህርት ቤት በቶኪዮ ስትመሠርት፥ ስለ ሌሎች አገሮች የሚሰጥ ትምህርትንና የአትክልት ልማትን በመደበኛው ትምህርት ውስጥ አስገባች። በጽሑፋችን መጀመሪያ ያነሣናቸው ሁለቱ ምክሮች በአንድ ግቢ ተገናኙ ማለት ነው፤ ልጃገረዲቱ በአንድ ሰዓት ስለ ሩቅ ሕዝብ ትማራለች፥ በሌላው ሰዓት በገዛ እጇ አፈር ትቈፍራለች።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

በዚህ ታሪክ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፥ እነዚህ ሴቶች የጦረኛ ቤተሰብ ልጆች እንጂ የገበሬ ልጆች አልነበሩም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። በዚያው ዘመን በሐርና በጥጥ ፋብሪካ የሚደክሙት የጃፓን ልጃገረዶች ከባዛሩም ሆነ ከነፃ ትምህርቱ ያገኙት ጥቂት ነው። ሁለተኛው፥ ሥራው ሁሉ በባዕድ ገንዘብ የቆመ ነው የሚል ይሆናል። ለዚህ መልሳችን፥ ከውጭ የመጣው ገንዘብ ሥራውን አልፈጠረም፤ አሳቡንና ዕቅዱን ያወጡት፥ ለማን እንደሚውል የወሰኑትም ጃፓናውያቱ ራሳቸው ናቸው የሚል ነው። በ1871 ወጪውን ሁሉ የቻለው የራሳቸው መንግሥት እንደ ነበረና ልጆቹ ግን ያለ ሥራ እንደ ቀሩ ማስታወስ ይበቃል።

ማጠቃለያ

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1931 ሲከፈት ለሴቶች ልጆቻችን አዲስ በር ተከፈተ። በስዊዘርላንድ የተማሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከጦርነቱ በኋላ የዚህ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነው ሲያገለግሉ ተውኔቶች እየጻፉ ተማሪዎቻቸው እንዲያሳዩ ያደርጉ ነበር፤ በ1957ም ለፓርላማ ተመረጡ። እዚህም ቢሆን ከውጭ የመጣው ትምህርት ለሌሎች የተረፈው፥ ልጃገረዶች በአንድነት የሚሠሩት ሥራ በሆነ ጊዜ ነው።

የጹዳ ኡሜኮ ምስል ከ2024 ጀምሮ በጃፓን የ5,000 የን ገንዘብ ላይ ታትሟል። የጃፓን መንግሥት በዚህ ያከበራት፥ አንድ ጊዜ ልኮ በተመለሰች ጊዜ ምን እንደሚያደርጋት ያላወቀውን ልጅ ነው። ስለዚህ ልጆችን ወደ ውጭ ለመላክ የሚያቅድ ሁሉ፥ ማኅበርም ይሁን መንግሥት፥ መርከቡን ወይም አውሮፕላኑን ከማዘጋጀቱ በፊት ሦስት ነገር ይመርምር። ልጅቷ የምትሄደው የአገሯን ቋንቋ ካወቀች በኋላ ነውን? እዚያ ሳለች የራሷ የሆነና የምትፈጽመው ሥራ አላትን? ስትመለስስ ያንን ሥራ የምትቀጥልበት ቦታና የሚረዷት ባልንጀሮች ይጠብቋታልን? ከአምስቱ ልጃገረዶች ታሪክ እንደ ተረዳነው፥ ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ሳያዘጋጁ መላክ፥ የሱቴማጹ እናት በስም ከተናገረችው ከሁለቱ ነገር መጣሉን ብቻ ፈጽሞ መጠበቁን መተው ነው።